ሦስት ሳምንት ሰው ያልተወለደባት ከተማ

ጠራዧን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ደግሞ በዕድሜው መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም። ሱቋ ከዳቦ ቤቱና ከጫማ ሰፊው መሀል የተሰነቀረች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን በር ላይ አስቀምጦ ነው የሚገባው። እዚያች ጉሮኖ ውስጥ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ የተበጫጨቀ ስትሰፋ፣ የተገነጠለ ስትለጥፍ ኖራለች። የተማሪ መዝገበ ቃላት፣ የጠበቃ ፋይል፣ ሕፃን ያኘከው አልበም፣ ባልና ሚስት ተጣልተው እኩል ለእኩል ቀደው የተካፈሉት መጽሐፍ ሁሉ በእጇ አልፏል፤ ባልና ሚስቱ ሲታረቁ ይዘውላት መጥተው። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «እዚህ የተጠረዘ ገጽ አይጠፋም» ይላል።

ሰፈሩ «ሙጫ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ከዕቃዋ አይደለም፣ ከጠባይዋ ነው። አንድ ነገር ከያዘች የሚያላቅቃት የፈላ ውሃ ብቻ ነው ይባላል፤ እሱም ተሞክሮ አልሠራም።

ደግሞም ግራኝ ናት። ወስፌውን በግራ እጇ ይዛ ስትሰፋ ላያት፣ መስታወት ውስጥ የሚያያት ነው የሚመስለው። ቋጠሮዋም እንደ ሰው ቋጠሮ ወደ ቀኝ አይተኛም፤ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ይሄ ቋጠሮ ጠላ ቀምሶ ነው የመጣው» ይሏት ነበር። እኚሁ ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ጠራዥ አያነብም። «ወረቀቱን እዪ፣ ቃሉን አትዪ! ያነበበ ጠራዥ እስከ ማታ አንድ መጽሐፍ አይጨርስም።» ጠራዧም ይህን ሕግ እንደ ዓይኗ ብሌን ጠብቃ፣ ሦስት ሺህ መጽሐፍ ሰፍታ አንዱንም ሳታነብ ኖራለች።

ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቷ፣ ሰዓት ሠሪው አለ። ሁለቱ ከተዋደዱ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። ታዲያ ለምን አልተጋቡም ያላችሁ እንደሆነ፣ ተራ አልደርስ ብሏቸው ነው። እሱ እናቱን ያስታምም ነበር፤ እናትየውም «ዛሬ ነው፣ ነገ ነው» እያሉ ሦስት ሐኪም ቀብረው ዘጠና ስድስት ዓመት ደረሱ። እሷ ደግሞ የሟች ወንድሟን አራት ልጆች ታሳድግ ነበር። እሱ ሲመቸው እሷን አይመቻት፣ እሷን ሲመቻት እሱን አይመቸው። ፍቅራቸው መንገድ በመሻገር አለቀ። አስፋልቱ ላይ ያለው የእግረኛ መሻገሪያ የተቀባው ለሁለቱ ሲባል ነው የሚሉም አሉ።

በመጨረሻ እናቱ አረፉ፣ ልጆቹም ክንፍ አወጡ። ያን ጊዜ ደግሞ የሰዓት ሠሪውን ሁለት ዓይኖች ሞራ ጋረዳቸው። ትንሿን ዘንግ ከትልቋ መለየት አቃተው። ለአንዱ ደንበኛ የእጅ ሰዓት ጠግኖ ሲያስረክበው፣ ሰውየው «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሸሚዜ ቁልፍ ነው» እስኪለው ድረስ።

ሌላ ከተማ ያለው የዓይን ሆስፒታል ሁለት ዓመት ወረፋ ካስጠበቀው በኋላ ቀን ቆረጠለት፦ ሰኞ። ሁለቱም ዓይኖቹ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል፣ ሁለት ሳምንትም ታሽገው ይቆያሉ። ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ አንዲት መሥመር ነበረች፤ ለሰዓት ሠሪው ያነበበችለት ጠራዧ ራሷ ናት። ደብዳቤ አይጠረዝምና ሕጉ አይከለክላትም።

«አስታማሚ ሆኖ መግባት የሚችለው የቤተሰብ አባል ብቻ ነው» ብላ አነበበች።

ሰዓት ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሃያ ሰባት ሰዓቶች ሁሉ ቆጠሩበት።

«እኔ የቤተሰብ አባል የለኝም» አለ።

«እሱንማ አውቃለሁ። የምትለውን በል።»

«እናማ… አግቢኝ።»

«አሥራ ስምንት ዓመት ቆይተህ ዛሬ? ሰዓት ሠሪ ነኝ ባይ!»

«ምን ላድርግ፣ ሰዓቴ ወደ ኋላ ቀርቶብኝ ነው።»

«በል እንግዲህ ቶሎ እንጋባ» አለች። «ዓይንህ ከተከፈተ በኋላ ያየኸኝ እንደሆነ ሐሳብህን ትቀይራለህ።»

ይህን ብላ ሳቀች እንጂ ሆዷ አልሳቀም። ሰው በማያውቀው ከተማ፣ በማያውቀው አልጋ ላይ፣ ሁለት ዓይኑን ታሽጎ ሁለት ሳምንት ሲተኛ አሰበችው። ሌላው ቢቀር አሁን ጠዋት ነው፣ አሁን ማታ ነው ብሎ እጁን የሚይዘው የለም። ሰዓት ሠሪ ሰዓቱን ሳያውቅ! ከዚህ የከፋ እስራት አልታያትም።

የጋብቻ ጽሕፈት ቤቱ የሰጣቸው ተራ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። ያ ካመለጣቸው የሚቀጥለው ተራ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ፎቶ አላቸው፣ መታወቂያ አላቸው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ በአዲሱ ደንብ መሠረት ሁለቱም የልደት መዝገባቸውን ቅጂ ማምጣት አለባቸው። የሱ በአንድ ቀን ተገኘ። የቀረው የሷ ነው።

ለሆስፒታሉ ቀጠሮ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለቱ ተያይዘው ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ያንን ኮሪደር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አግዳሚ ወንበሩ ከብዙ መቀመጥ የተነሳ የሰው ቅርጽ ይዟል። አሥር መስኮት አለ፤ ዘጠኙ ላይ «ወደ መስኮት ሦስት ይሂዱ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መስኮት ሦስት ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች፤ ከወገብ በላይ እንጂ ከወገብ በታች ያያት ሰው የለም። ከወንበሩ ጋር አብራ የተሠራች ናት የሚል ወሬም ነበር።

«የተወለዱበት ዓመት?» አለች ባለመስኮቷ።

ጠራዧ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ሰዓት ሠሪው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ የደከመው ዓይኑ እንጂ ጆሮው አይደለም። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች።

«ጮክ ይበሉ እማማ! አልሰማም!»

«የኔ ልጅ፣ ወረቀት ስጪኝ ልጻፍልሽ።»

ጻፈች። ባለመስኮቷ ወረቀቱን በቀዳዳ ወደ ውስጥ አሳለፈችው። ከሰዓታት በኋላ ከወዲያ በኩል መዝገብ ሹሙ ራሱ ብቅ አለ። መዝገብ ሹሙ ቀጭን፣ ክራባቱ ከአንገቱ የሚከብድ ሰው ነው፤ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ «ይፈቀዳል» የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«እመቤት፣ መዝገቡን አይተናል» አለ። «ልደት ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ሦስት መቶ አርባ አምስት ነው። እርስዎ ተወለድኩ በሚሉበት ሦስት ሳምንት ውስጥ በዚህ ከተማ የተወለደ ሰው የለም።»

«ማንም?»

«መዝገቡ እንደሚለው፣ ማንም።»

«እንዴ! እናቶቹ ምን ሆነው?»

«እሱ የጤና ቢሮ ጉዳይ ነው።»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰውዬ ሳቅ አፈነዳ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቁመቱ እንደ በር፣ ክብደቱ መቶ ሠላሳ ኪሎ።

«እትዬ፣ አይዞሽ» አለ። «እኔም ያልተወለድኩት በዚያው ሰሞን ነው። ዘጠኝ ዓመት ተመላለስኩ። ሰባት ጊዜ እንዳልተወለድኩ በማኅተም ተረጋግጦልኛል። ቤት ውስጥ በመስታወት አድርጌ ሰቅየዋለሁ፤ ሚስቴ ስትቆጣኝ እሱን ነው የማሳያት። የሌለ ሰው አይሰደብም እላታለሁ።»

ለጠራዧም እንዲሁ «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ተሰጣት። በዚያ ቤት ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት በሁለት ደቂቃ የሚወጣ ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ይሄድ ነበር። ሙጫ ግን ረቡዕ ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ብቻዋን።

«መዝገቡን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» አለች።

«መንካት አይፈቀድም» አለ መዝገብ ሹሙ።

«መቼ ልንካ አልኩ? ከሩቅ አሳየኝ። አለመወለዴን አይቼ ልመን።»

የሚከለክል አንቀጽ ፈልጎ አጣ። መዝገቡን አምጥቶ ከመስታወቱ ወዲያ ገለጠላት። እውነት ነው፦ በግራው ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ በቀኙ ሦስት መቶ አርባ አምስት። ከዚያ «አዩ?» ብሎ ሲዘጋው የመዝገቡ ጀርባ ወደሷ ዞረ።

ጀርባው ላይ ጨርቁ ተልጦ ክሩ ይታያል። ክሩ አረንጓዴ ነው። ቋጠሮዎቹም፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው።

ጠራዧ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች።

አርባ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሄደች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ሥራ በጀመረች በአምስተኛው ወር። የማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ መዝገቦቹ ሁሉ ተገነጣጥለው በጆንያ ወደ ሽማግሌው ሱቅ መጡ። ሽማግሌው ቁጥር በቁጥር ለዩላትና «ስፊ» አሏት። ነጩ ክር አለቀባት፤ ሽማግሌውን ከመጠየቅ ሞት ይሻላል ብላ ከልብስ ሰፊ እናቷ ቅርጫት አረንጓዴ ክር ሰርቃ መጣች። ይህን የልደት መዝገብ ሰፍታ፣ ጀርባውን ለጥፋ፣ መጭመቂያው ውስጥ አስገብታ ዘወር ስትል፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ እጥፍ ወረቀት ተርፎ አየችው። ከመዝገቡ መሀል የቀረ እጥፍ! የለጠፈችውን ብታፈርስ ሽማግሌው ይሰማሉ፤ ቢሰሙ ከሥራ ያባርሯታል። ስለዚህ እጥፉን አነሳችና፣ ምን እንደሆነ ሳታነብ፣ ቀጥሎ ተራው የደረሰው መዝገብ ውስጥ ከተተችው። ሰፍታ ዘጋችው። የየትኛው መዝገብ ነበር? አይታወቅም። ጠራዥ አያነብም።

ይኸው እንግዲህ። ሠላሳ ሁለት ሰው እንዳይወለድ ያደረገችው ራሷ ናት። ከነዚያም አንዷ እሷው!

ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ገብታ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ ሳይስቅባት ቀረ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ወንበሩን ይዞ ሳቀ።

«አትሳቅ!» አለችው። «ብናገር አርባ ሦስት ዓመት የሠራሁት ስም አፈር ይበላል። ያን ሰሌዳ አውርጄ ልሰብረው ነው። ዝም ብል ደግሞ ሰኞ ብቻህን ትሄዳለህ።»

ሰዓት ሠሪው ሳቁን ዋጠ። «ቆይ እስቲ» አለ። «እኔ ሰዓት ስጠግን የአንድ ዓመት ዋስትና እሰጣለሁ። የእናንተ ቤት ዋስትና ስንት ነበር?»

«ሽማግሌው? ሽማግሌው ጉረኛ ነበሩ፤ ዋስትናቸው ዕድሜ ልክ ነው።»

«የማን ዕድሜ?»

ጠራዧ ቀና አለች። ከዚያ መንገዱን በመሻገሪያው ሳይሆን በሰያፍ አቋርጣ ሮጠች። ሽማግሌው ሲሞቱ ከነሱቁ የወረሰቻት የብስኩት ቆርቆሮ ነበረች፤ በዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ከደረሰኝ፣ ከዝገትና ከአንድ የሽማግሌው የወርቅ ጥርስ ጋር ሽማግሌው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የተዋዋሉት የጥረዛ ውል ተኝቷል።

ሐሙስ ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ ጠራዧ የዕቃ ሳጥኗን አንጠልጥላ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ሹፌሩም ለስምንተኛ ወረቀቱ መጥቷል። ባለመስኮቷ መጋረጃዋን ስትገልጥ ጠራዧ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ አግዳሚው ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አለች፦

«ያ መዝገብ የተጠረዘው በእኔ እጅ ነው። መሀሉን የዘለልኩት እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ደበቅሁት። ላርም መጣሁ።»

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሲነሳ አግዳሚው በእፎይታ ጮኸ።

«አንቺ ነሽ?» አለ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዳልወለድ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ወንድሜ» አለች ጠራዧ። «ታገሠኝ፣ ዛሬ እወልድሃለሁ።»

ሹፌሩ ሳጥኗን ተቀብሏት ተሸከመ። «አዋላጅ ያስፈልግሻል» አለ።

መዝገብ ሹሙ ግን በሩ ላይ ተገትሯል። «የውጭ ሰው ወደ መዝገብ ቤት አይፈቀድም።»

ጠራዧ ውሉን ዘረጋችለት። መዝገብ ሹሙ አነበበ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበ። አንቀጽ ሰባት ላይ ሲደርስ ድምፁ ጮክ አለ፦ «በጥራዙ ላይ ማናቸውም ጉድለት የተገኘ እንደሆነ ጠራዡ ወይም ተተኪው በነፃ ያርማል፤ መሥሪያ ቤቱም ለዚሁ ሥራ በሩን የመክፈት ግዴታ አለበት።» ማኅተሙን ወደ ብርሃን አነሳ፤ እውነተኛ ነው። የሚያበቃበትን ቀን ፈለገ፤ የለም። ወረቀቱን ገለበጠው፤ ከጀርባውም የለም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንብ ሁሉ «ዝጋ» ሲለው የኖረ ሰው፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ «ክፈት» የሚል ደንብ እጁ ገባ።

«እንግዲያውስ…» አለ፤ «እንግዲያውስ ይፈቀዳል።»

ከአግዳሚው አንዲት ሴትዮ «ኧረ ሰውየው ተናገረ!» ብላ ጮኸች።

መዝገብ ቤቱ የአቧራ አገር ነው። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ይደርሳል። ጠራዧ ርዕስ አላነበበችም። ክር ብቻ እያየች ሄደች፤ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ። በአረንጓዴ ክር የተሰፉ አምስት መዝገቦች አወረደች፤ አንዱ የልደቱ ነው። የቀሩትን አራቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እያንዳንዱን እንደ ሕፃን ሆድ ዳበሰችው። ሦስቱ ልክ ናቸው። አራተኛው ግን ጀርባው ጠባብ፣ ሆዱ ወፍራም ነው፤ ለልኩ ከተሰፋ ልብስ ውስጥ እንደተነፋ ሰው።

«ይሄ ከልኩ በላይ በልቷል» አለች። «የምንድን ነው?»

መዝገብ ሹሙ ሽፋኑን በክራባቱ ጠረገ።

«የውሻ ምዝገባ» አለ።

ሹፌሩ ጣሪያውን አየ። «አይ እናቴ! ዘጠኝ ዓመት የምፈለገው እዚህ ነበርኩ?»

ነበረ። ጠራዧ ወስፌዋን አስገብታ የገዛ ክሯን በጠስ በጠስ አደረገችው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜም የሽማግሌውን ሕግ ጥሳ አነበበች። ውሻ ቁጥር ሰማንያ ስምንት፦ ስሙ መብረቅ፣ ጥቁር፣ ጅራቱ የተቆረጠ፣ ሁለት ሰው የነከሰ። ከመብረቅ ቀጥሎ፣ በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ፦ ልደት ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሦስት፣ ሴት፣ አባቷ ጋሪ ነጂ። እያለ እያለ ሦስት መቶ ሃያ አንድ፦ ወንድ፣ ክብደቱ አምስት ኪሎ ከስምንት መቶ፤ ከዳር ላይ አዋላጇ «በጣም ትልቅ» ብላ ጽፋለች።

«እኔ ነኝ!» አለ ሹፌሩ። «አያችሁ፣ ከጥንትም እንዲህ ነኝ!» ይህን ብሎ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ እንጃ፤ መደርደሪያው ግን አብሮት ተንቀጠቀጠ።

ሦስት መቶ ሃያ ዘጠኝ። ጠራዧ ጣቷን አሳረፈችበት። ሴት። አባት፦ አናጢ። እናት፦ ልብስ ሰፊ። እናቷ መጻፍ አትችልም ነበርና በፊርማ ፋንታ አውራ ጣቷን አትማለች። ከአሻራው መሀል እንደ ፍሬ የምትታይ ነጭ ነጥብ አለች፤ መርፌ የወጋት ጠባሳ ናት። ጠራዧ የራሷን አውራ ጣት አየች። እሷም ዘንድ አለች፣ ልክ እዚያው ቦታ። ግን በግራ እጇ።

መዝገብ ሹሙ ሳል አለ። «አንድ የሕግ ጥያቄ አለኝ» አለ። «እነዚህ ሰዎች የተመዘገቡት በውሻ መዝገብ ነው። አሁን ቅጂ ስሰጥ የልደት ወረቀት ነው የምሰጠው ወይስ የክትባት?»

«ጌታው» አለች ጠራዧ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «እኔን እንኳ ብትከትበኝ ግድ የለኝም፤ ይሄን ሹፌር ግን ማን ይይዝልሃል?»

የልደቱን መዝገብ ጀርባ ፈታች፣ እጥፉን ከሦስት መቶ አሥራ ሁለትና ከሦስት መቶ አርባ አምስት መሀል አስገባች፣ በአዲስ አረንጓዴ ክር ሰፋችው። ሙጫ ቀባች። ይህን ጊዜ መጭመቂያ እንደሌለ ታየ፤ ሙጫው እንዲይዝ ደግሞ ከባድ ነገር ላዩ ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ አለበት። ጠራዧና መዝገብ ሹሙ እኩል ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ ያልተወለደው ሰው በገዛ ልደቱ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተቀምጦ የፈለፈለው። እንዳይነቃነቅ ተነግሮት ነበርና አልተነቃነቀም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊያስነጥሰው ሲል መዝገብ ሹሙ ራሱ በመሐረብ አፍንጫውን ያዘለት።

ሥራው ሲያልቅ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። የጠራዧና የሹፌሩ ቅጂ ተነሳ። ማኅተሙ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ የማኅተሙ ኃላፊም ኮቱን ለብሷል። ያን ጊዜ ባለመስኮቷ ወረቀቶቹን ነጥቃ ተነሳች። ቆመች! ሮጠች! ሁለት እግር እንዳላት ኮሪደሩ ሁሉ አየ፤ እግርስ ቢሉ ምን የመሰለ እግር! ሰው ሁሉ «በርቺ! በርቺ!» እያለ አጨበጨበላት። ደረጃውን ሦስት ሦስት እያለፈች ወጥታ፣ የማኅተሙን ኃላፊ አንድ እጅጌው ባዶ ሳለ ያዘችው።

ከላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጧ!»

ባለመስኮቷ እያለከለከች ወርዳ ወረቀቱን ለጠራዧ በሁለት እጇ ሰጠቻት። «እንኳን ተወለዱ እማማ» አለቻት።

ዓርብ ጠዋት የሆነውን እስከ ዛሬ የሚያወራ አለ። ባለመስኮቷ የሠላሳ ሁለቱን ሰዎች ዝርዝር በር ላይ ለጥፋው ኖሮ፣ ወሬው ሌሊቱን ከተማዋን ዞሯል። ሦስት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ በእኩዮች ተሞላ። አንዱ ከዘራ ይዟል፣ አንዷ የልጅ ልጅ አዝላለች፣ አንዱ ፀጉሩን ቀለም ተቀብቶ ጆሮውን ጭምር አጥቁሯል። እርስ በርስ እየተቃቀፉ «አንተም በዚያ ሰሞን?» «አንቺም?» ይባባላሉ። ሰው ሁሉ ቅጂውን ይዞ እንደ ዋንጫ ከፍ ያደርጋል። ጠራዧ ከሰዓት ሠሪው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ በመሀላቸው ስታልፍ ይሰድቡኛል ብላ አንገቷን ደፍታ ነበር። ጭብጨባው ግን መስታወቱን አንቀጠቀጠው።

«ገጻችንን አልጣለችውም እኮ» አለ ባለከዘራው። «አስቀምጣው ነው!»

የጋብቻ ጽሕፈት ቤቱ ሹም «ምስክሮች?» ሲል፣ ሹፌሩና መዝገብ ሹሙ እኩል ብድግ አሉ። መዝገብ ሹሙ ከመፈረሙ በፊት የጋብቻውን ውል ከዳር እስከ ዳር አነበበና፣ ሁለተኛውን «ይፈቀዳል» ተናገረ። በአንድ ሳምንት ሁለት! አንዳንዱ ለጤናው ሰጋ። ጠራዧ በግራ እጇ ፈረመች። ሰዓት ሠሪው መሥመሩን ስላላየው በጣቷ አሳየችው፤ እሱም መሥመሩን ትቶ ጣቷ ላይ ፈረመ። በሁለተኛው ወረቀቱን አገኘው።

ሰኞ ዕለት የሆስፒታሉ ዘበኛ በር ላይ አስቆማት።

«የቤተሰብ አባል ነሽ?»

«ሚስት!» አለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ የታመመ ሰው «አቤት» ብሎ መለሰ ይባላል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። በየሰዓቱ እጁን ትይዝና መዳፉ ላይ በጣቷ ሰዓቱን ትጽፍለታለች፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። የክፍሉ ሕመምተኞች ሁሉ ሰዓት የሚጠይቁት ግድግዳውን ሳይሆን ዓይኑ የታሸገውን ሰውዬ ሆነ። አንድም ደቂቃ አልተሳሳተም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ፋሻው ተፈታ። ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ገለጠ፣ አርገበገበ፣ ሚስቱን አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ጠራዧ ሻሿን አስተካከለች፣ ቀሚሷን ጎተት አደረገች፣ ቁጣ ቁጣ አላት።

«ምን ታፈጣለህ? አየኸኝ እንግዲህ። አሁን ሐሳብ መቀየር የለም፤ ማኅተም ተመቷል።»

«የማልቀይረውን ነው ያየሁት» አለ ሰዓት ሠሪው። ከዚያ አዲሱን ዓይኑን ሊሞክር አጠገቡ ካለው ቦርሳ ያገኘውን ወረቀት መዘዘ። የልደቷ ቅጂ ነው። ከላይ ጀምሮ፣ ትንንሹን ፊደል ሁሉ ሳይቀር፣ ቀስ እያለ አነበበው። ቀኑ ላይ ደረሰ። በጣቱ ደመረ፣ ቀነሰ። አቤት የዚያን ጊዜው የፊቱ ብርሃን!

«አንቺ!» አለ። «ስልሳ ዓመቴ ነው አላልሽኝም? ይሄ ስልሳ ሁለት ነው የሚለው።»

«ዓይንህ ገና አልጠራም። ተኛ።»

«ኧረ ጠርቷል። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ የቀረሽ ሰዓት ነሽ።»

ጠራዧ ወረቀቱን ነጥቃ አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

«ታዲያ አስተካክለኛ» አለች። «ሙያህ አይደል?»